ስለ ሕዝብ ጤና ትምህርት

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሐኪም ለመሆን መመረጡን የሰማ አባት ደስታውን ለጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ የሕዝብ ጤና፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና የሚባለውን ትምህርት እንዲማር የተመደበለት እንደ ሆነ ግን ልጁ ከማዕርግ የወረደ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አያስቸግርም። ሐኪምን የዳነው በሽተኛ ያመሰግነዋል፤ ምንጩ ስለ ተጠበቀለት ሳይታመም የቀረ ሰው ግን ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

ይሁን እንጂ በአገራችን የሕክምና ፋኩልቲ ከመቆሙ አስቀድሞ የተጀመረው ይኸው ትምህርት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓመተ ምሕረት በደምቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የዓለም የጤና ድርጅት፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥትም ረዱት። በዚያም የጤና መኮንኖች፤ የሕዝብ ጤና ነርሶችና ሳኒቴሪያን የሚባሉት የንጽሕና ባለሙያዎች ባንድነት ይማሩ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው፤ ሦስቱ ወገኖች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መውረዳቸው ነው። አንዱ ሲያክም፤ አንዷ እናቶችን በየቤታቸው ስትጎበኝ፤ አንዱም ምንጭ ሲያጎለብትና የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፤ በሽታው ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ የሚወለድ መሆኑን በዓይናቸው ያዩ ነበር። ይህን ልማድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ ይዞታል፤ በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ትምህርት ቤትም ተማሮቹን በሕዝቡ መካከል ማስተማርን መሠረቱ አደረገ። ወጪው ይበዛል ተብሎ የገጠሩ ጊዜ እንዳያጥር አጥብቀን እንለምናለን፤ የተቀረውን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላልና።

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ቁጥራቸው ከ30 ሺሕ አልፏል። እነዚህ እኅቶች መጀመሪያ የሠለጠኑት አንድ ዓመት ያህል ነው፤ ስለዚህ ሲቸገሩ የሚጠይቁት የተማረ ሰው በቅርብ ሊኖራቸው ይገባል። በደንቡ አንድ ጤና ጣቢያ 5 ጤና ኬላዎችን እንዲደግፍ ታስቧል፤ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ሥራም እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን የሚያድርበት ቤት፤ ወደ ኬላዎቹ የሚያደርሰው በቅሎ ወይም ሞተር ብስክሌት ሳይሰጠው ከገጠር ለምን ሸሸህ ብሎ መውቀስ ከፍርድ የራቀ ነው። የየክልሉ የጤና ቢሮዎች የሚመጣውን ዓመት በጀት ሲያዘጋጁ፤ ከመድኃኒቱና ከሕንፃው ዋጋ ጋራ ይህንን ደግሞ በመዝገብ እንዲያገቡት እናሳስባለን።