ሥዕሉ ፓሪስ ነው፤ የሠዓሊው ስምስ?

እ.ኤ.አ. በ1932 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር 1924 ዓ.ም ሊያበቃ ሲል፣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ጎንደር ላይ ሸራ ዘርግቶ ሥራ ጀመረ። የመጣው በማርሴል ግሪዮል ከሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር ነው። የተሰጠው ሥራ የራሱን ሐሳብ መሣል አልነበረም፤ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች መገልበጥ ነበር። ግልባጩ ሲደርስ ጥንታዊው ሥዕል ከነጨርቁ ከግድግዳው ተላቀቀ፣ ተጠቀለለ፣ ተጫነ። በቦታው አዲሱ ተለጠፈ። ቡድኑ ከጎንደር ሲወጣ ሥዕሉም አብሮ ወጣ፤ ዛሬ የሚገኘው ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

በዓመቱ፣ በሰኔ 1933 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናት ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ፓሪስ ውስጥ ሚኖቶር የተባለው የጥበብ መጽሔት ሁለተኛ እትሙን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዞ ሰጠ። የመጽሔቱ የመጀመሪያ እትም ሽፋን የፒካሶ ነበር። የሁለተኛው ሽፋን የማን ሆነ ቢሉ፣ የሩ። አባ እንጦንስን የገለበጠው ወጣት ስሙ ከፒካሶ ቀጥሎ ታተመ። በትሮካዴሮ ሙዚየምም የጉዞው ስብስብ ለሕዝብ ታየ። ዐውደ ርእይ፣ ኅትመት፣ የጋራ ሥራ፤ አንድ ሠዓሊ ስሙን የሚተክልባቸው ሦስቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ለገልባጩ ተሟሉለት። አባ እንጦንስን መጀመሪያ የሣለው ሰው ግን በኬ ብራንሊ ሙዚየም መግለጫ ላይ ስም የለውም።

ይህ ጽሑፍ የሩን ስም ለማሳነስ አይደለም። ሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ስሙም ሊጻፍ ይገባል። ክርክሩ ሌላ ነው፦ የጎንደር ሠዓሊ ስሙ የጠፋው ትሑት ስለነበረ ወይም ባህሉ ስም ስለማይወድ ብቻ አይደለም። መዝገቡን የያዘው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ስለነበረ ነው። መዝገቡ በሠዓሊው እጅ ወይም በአገሩ ተቋም እጅ በገባበት ጊዜ ሁሉ ስሙ ተርፏል።

ትሕትናን የሚያነሡ ወገኖች ክርክራቸው ክብደት አለው። ቅዱስ ሥዕል ለጸሎት እንጂ ለሠዓሊ ዝና አይሣልም፤ ሠዓሊው ከሥዕሉ ኋላ መቆሙ የሥርዓቱ አካል ነው ይላሉ። ነገር ግን ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ፣ ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን በእመቤታችን ሥዕል ላይ አስፍሯል። ያ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ከመቆርቆሯ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ። የፍሬ ጽዮን ስም በዚያ ሥዕል ላይ በመገኘቱ ተመራማሪዎች ሌሎች ሥራዎችን ከእርሱ እጅ ጋር ማነጻጸር ቻሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ ዘመን ተገለጠ። ፍሬ ጽዮን ስሙን ሲጽፍ አማኝነቱ አልጎደለበትም። በብራና መጻሕፍት መጨረሻም ጸሐፊው፣ አንዳንዴም ሠዓሊው፣ በጸሎት አስቡኝ ብሎ ስሙን ይተዋል። ትሕትና ስም አያጠፋም፤ በጸሎት መካከል ያኖረዋል እንጂ።

ታዲያ በጎንደር ዘመን የተጻፈው የማን ስም ነው? ያሠራው ሰው ስም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ስልት ሲያብብ፣ ቀለሙ ሲደምቅ፣ የፊት ጥላና የልብስ ጌጥ ሲበዛ፣ እቴጌ ምንትዋብ በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሣሉ። ማን እንደሆኑ ያየ ሁሉ ያውቃል። ብሩሹን የያዘውን የሚነግረን የለም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክት ፊቶች በፖስተር፣ በፖስት ካርድ፣ በከነቴራ ላይ ዓለምን ዞረዋል፤ ከኢትዮጵያ ምስሎች ሁሉ እንደነርሱ የታወቀ ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ተርፏል። የሠዓሊው ነገር ሲነሣ ግን ኃይለ መስቀል የሚል ስም በአፈ ታሪክ ይጠቀሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳስተማረው፣ ሌላ የት እንደሣለ የሚናገር መዝገብ ለአስጎብኚው አልቀረለትም።

የደብተራው ክታብ ከዚህም ይብሳል። በበግ ወይም በፍየል ቆዳ ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም የሚጻፈው፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚቆረጠው ጥቅልል፣ ጸሎተ ሱስንዮስንና ጠልሰም የሚባለውን ምስል ይዞ የሚያስጽፈውን ሰው የክርስትና ስም ደጋግሞ ይጠራል። ጸሐፊው አንድም ቦታ የለም። ይህ ሰው እኮ ዛሬ ነጻ ሠዓሊ ከምንለው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ደመወዝ የለውም፤ ከአገር አገር ይዞራል፣ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፣ ሥራውን ለሚፈልገው ሰው በቀጥታ ይሠራል። ገበያውም ዝናውም ከአፍ ወደ አፍ ነው፤ ደንበኛው ሲሞት ዝናውም አብሮ ይቀበራል።

በ1932 ክረምት ጎንደር ውስጥ ይህ የስም ጉዳይ በብዙ መልኩ ታይቷል። ከሩ ጋር የመጣችው ዲቦራ ሊፍሺትዝ ክታቦችን አጥንታ በ1940 የኢትዮጵያን የአስማትና የጸሎት ጽሑፎች መጽሐፍ አሳተመች። ሌላው የቡድኑ አባል ሚሼል ሌሪስ መልካም አያሁ በተባለች ሴት የዛር ቤት ተቀምጦ ልጇ እማዋይሽ የምትለውን፣ የምትዘፍነውን ይከታተል ነበር። በመካከላቸው የቆመው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነው፤ የሚሰማውን በማስታወሻ ይይዛል፣ ይተረጉማል፣ ይጠይቃል። ሌሪስ በ1934 ማስታወሻውን፣ በ1958 ደግሞ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈውን ጥናት አሳተመ። ለእውነቱ፣ ሌሪስ ቅን ጸሐፊ ነበር። የእነ አባ ጀሮምን ስም አልደበቀም፤ የቡድኑን የመሰብሰብ አሠራር ገመና እንኳ በራሱ እጅ ጽፎታል። ቢሆንም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ስም አንድ ነው። ያለ አባ ጀሮም ጆሮና ብዕር ያ መጽሐፍ ሊኖር አይችልም ነበር።

ሩ ጎንደር ላይ ሲገለብጥ፣ ጎንደሬው አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ነበር።

በመንግሥት ተልኮ በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲማር ቆይቶ በ1933 ገደማ የተመለሰው አገኘሁ፣ በውጭ ተምረው ከመጡ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ከፓሪስ የመጣው ሠዓሊ የጎንደርን ስልት በእጁ ሲለማመድ የጎንደሩ ልጅ የፓሪስን ስልት ይማር ነበር። ሁለቱ ቢገናኙ ምን ይባባሉ ነበር የሚለውን ለልብ ወለድ ደራሲ እንተወው። የሚያስቆጨው ሌላው ነው። ሩን መጽሔትና ዐውደ ርእይ ሲጠብቁት፣ አገኘሁ የተመለሰው የሥዕል መጽሔት፣ ሥዕል የሚሸጥ ጋለሪ፣ ካታሎግ የሚያሳትም ተቋም ወዳልነበረባት አገር ነው። ብዙም ሳይቆይ የኢጣሊያ ወረራ መጣ። ስሙ ዛሬ የሚጠራው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው እንጂ በተወለደበት አካባቢ መንገደኛው አያውቀውም።

ኅትመት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ማሰብ ይበቃል። የዘጌው ልጅ ወደ ኢጣሊያ የተላከው ሥዕል ሊማር ነበር፤ ቱሪን ተምሮ ተመልሶም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥሏል። ዛሬ አፈወርቅ ሲባል ግን ማንም ሥዕሉን አያስታውስም። በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ ነው ስሙን ተሸክሞ የኖረው። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የታተመው ቀረ፣ ያልታተመው ደበዘዘ።

ክርክሩን ወደ ቅርብ ዘመን የሚያመጣው ጌዴዎን መኮንን ነው። በ1939 በጌምድር የተወለደው ጌዴዎን በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ደብተራ ነበር። ጠልሰም መሥራት የጀመረው እንደ ማንኛውም ደብተራ ለሚታመሙ ሰዎች ነው። በኋላ ግን በወረቀት ላይ የሚሠራቸው ሥራዎች ከጥቅልሉ ጠበብ ያለ ዓምድ ወጡ፤ መስመር በመስመር ላይ ይደራረባል፣ ዓይን ከዓይን ይወለዳል፣ ቀለሙ ክፍት ቦታ አይተውም። እርሱ ራሱ የጥናትና የምርምር ጠልሰም ይላቸው ነበር። ይህ አባባል ብቻውን ብዙ ይናገራል፦ ጌዴዎን የወረሰውን የሚደግም ባለሙያ ሳይሆን በወረሰው የሚመራመር ሠዓሊ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ከጌዴዎንና ከሌላው ደብተራ ሠዓሊ ከጌራ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። በ1992 ፓሪስ ውስጥ በአፍሪካና በኦሽንያ ጥበባት ሙዚየም ንጉሥ ሰሎሞንንና የእይታ ሊቃውንትን ርእሱ ያደረገ ዐውደ ርእይ ሲከፈት፣ በ1997 ደግሞ በኒው ዮርክ የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ስለሚፈውሰው ጥበብ ሌላ ሲታይ፣ የነዚህ ሰዎች ሥራ ከነስማቸው ቀረበ። የጌዴዎን ሥራ በአፍሪካ ጥበብ ሰብሳቢው በዣን ፒጎዚ ስብስብ ውስጥም ገባ። ከአባ እንጦንስ እስከዚህ ስድሳ ዓመት ነው፤ ልዩነቱም የሰማይና የምድር ያህል ነው። በመጀመሪያው ሥዕሉ ሄደ፣ ሠዓሊው ቀረ። በሁለተኛው ሥዕሉ ከሠዓሊው ስም፣ ከትምህርቱ፣ ከራሱ ማብራሪያ ጋር ሄደ።

እንዲህም ሆኖ ሙሉ እኩልነት ነበር ማለት አይቻልም። ስለ ጌዴዎን የተጻፉት ዋና ዋና መጻሕፍት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። በጌምድር ውስጥ ያለ የቅኔ ተማሪ፣ የሠዓሊው የአገር ልጅ፣ መጽሐፉን ቢያገኝ እንኳ አያነበውም። ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ፤ ጠልሰም የተሠራው በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ ከሰውነት ጋር እንዲውል፣ የታመመው ሰው ብቻ እንዲያየው ነው። በመስታወት ውስጥ ለሺዎች ሲከፈት ምን ይሆናል? የዚህ መልስ ከደብተራው እንጂ ከሙዚየሙ መምጣት የለበትም። ጌዴዎን አዳዲሶቹን ሥራዎቹን ለአንድ ታማሚ ከሚሠራው ክታብ ለይቶ ለጥናት ማድረጉ አንድ መልስ ይመስላል፤ ምስጢሩን ሳያፈርስ ጥበቡን አሳየ።

ፓሪስም ራሷን መመርመር ጀምራለች። በ2025 ከሚያዝያ እስከ መስከረም ኬ ብራንሊ ሙዚየም የዳካር–ጅቡቲን ጉዞ እንደገና የሚመረምር ዐውደ ርእይ አሳይቷል፤ ዕቃዎቹ እንዴት እንደተወሰዱ የተጠናው ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ አገሮች በመጡ ተመራማሪዎች ተሳትፎ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ይህም ዐውደ ርእይ የተከፈተው ፓሪስ ነው። ስለ አባ እንጦንስ ሥዕል በደንብ የሚያውቀው ተመልካች አሁንም ወደዚያ የሄደው ነው።

ጎንደር ውስጥስ? በወለቃ፣ ከከተማዋ ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለብዙ ዓመታት ከሸክላ አንበሳና ቄስ እየቀረጹ ለመንገደኛ ሸጠዋል። ዛሬ በብዙ የዓለም ቤቶች መደርደሪያ ላይ አሉ። ከዕቃው ሥር የቀራጯ ስም ያለበት ስንቱ ይሆን? አብዛኞቹ ሴቶች ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሠሩትን አይተው ይህ የእኔ ነው የሚሉት ዛሬ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። ይህን መዝገብ መሥራት የሚቻለው እነርሱ በሕይወት ሳሉ ነው። ወደ ደባርቅ ሲወጣም ባና የሚሠራው ሸማኔ፣ አገልግል የምትሰፋው ሴት ሥራቸው በስም ሳይሆን በአካባቢ ይሸጣል፤ የስሜን ነው ተብሎ ብቻ። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም ነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል የበረታው ግጭት ደግሞ ያንን የሚገዛውን መንገደኛ እንኳ አርቆታል። ገዢው ሲቀር ከሥራው ጋር የነበረው ብቸኛ ምስክር ቀረ ማለት ነው።

መደረግ ያለበት ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕንጻ ከመገንባቱ በፊት ካታሎግ ይቅደም፤ በአማርኛ የተጻፈ። በካታሎጉ ላይ የሠዓሊው ስም፣ የተማረበት ደብር፣ መምህሩ፣ ያሠራው ሰው፣ ቀለሙን ያዘጋጀው ረዳት፣ የተከፈለው ዋጋ ይስፈር። ከውጭ ተመራማሪ ጋር የሚሠራ ሁሉ በውሉ ላይ ስሙ ከሽፋን እንዲገባ ይጠይቅ፤ ጽሑፉም በአማርኛ እንዲወጣ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉት፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ሽማግሌ ካህናት አሏቸው፤ በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበው ጥምቀት ሲከበር በፋሲል መዋኛ ዙሪያ በየዓመቱ የሚሰበሰበው ሕዝብ ደግሞ የትኛውም ሙዚየም የሚመኘው ተመልካች ነው። የአባ እንጦንስን ሥዕሎች ፎቶ ከኬ ብራንሊ ጠይቆ አምጥቶ፣ ከጎኑ የደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የጌዴዎንን፣ የወለቃን ሥራ አሰልፎ፣ የታወቀውን ስም ጽፎ፣ ያልታወቀው ላይ ቦታውን ክፍት ትቶ ለሕዝቡ ማቅረብ ይቻላል። ከሚመጣው ሕዝብ መካከል ያ ክፍት ቦታ ላይ የሚጻፈውን ስም ከአያቱ የሰማ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለእርሱም እርሳስና መዝገብ የያዘ ሰው በዚያ ይቁም።