ዓሣው ከሩጫው በኋላ

ሐዋሳን ለዓመታት የማውቃት ቁጭ ብዬ ነው። ዓርብ ከሰዓት ከአዲስ አበባ እንነሳና ሞጆን፣ መቂን፣ ሻሸመኔን አልፈን፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ማታ እንገባለን። ከዚያ ወዲያ ከወንበር ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ወንበር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ፣ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሽርሽር፣ እሑድ መልስ። ከተማዋን ከልቤ እወዳት ነበር። አለማወቄ የገባኝ ግን ግማሽ ማራቶን የሮጥኩባት ቀን ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ሲጀመር ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። እኔ ከድሉ ይልቅ ትልቅ የምለው ከኋላው የተሰለፈውን ሕዝብ ነው። ሩጫ ከቴሌቪዥን ወጥቶ የእኛም የሆነው ያኔ ይመስለኛል። ይኸው አዘጋጅ ሐዋሳ ላይ የሚያካሂደው 21 ኪሎ ሜትር ደግሞ ዕረፍትንና ሩጫን አገናኘልን።

ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐዋሳ 1,700 ገደማ ናት። ሲወርዱ ትንፋሽ ይቀላል። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች የሮጥኩት ልምምድ ላይ አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ነበር፤ እግሬ ታዘዘልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ውኃ የሚያድሉትንም «ገና ነው» ብዬ አለፍኳቸው። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ነገሩ ተገለበጠ። ላቡ ፊቴ ላይ ደርቆ ጨው ሆነ፤ ጥማቱ ሲሰማኝ ረፍዷል። ከፍታው የሰጠኝን ሙቀቱ መልሶ ወሰደው። ሐዋሳ ላይ ውኃ የሚጠጣው ሳይጠማ ነው፤ ፍጥነትም የሚለካው በትንፋሽ ሳይሆን በፀሐይዋ ነው።

ከተማዋን ያየኋት እየተራመድኩ በጨረስኩት ክፍል ነው። አንዲት እናት ከግቢያቸው በር ላይ ጆግ ይዘው ቆመው ለሚያልፈው ሁሉ ውኃ ይቀዳሉ። ብስክሌት የያዘ ልጅ «እትዬ፣ አይዞሽ! ትንሽ ነው የቀረሽ!» እያለ እስከ መታጠፊያው ሸኘኝ። ጥላ ስር የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ዳኤ ቡሹ» አሉኝ፤ በሲዳምኛ እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው። ስንት ዓመት ስመላለስ ይህን ቃል ከሆቴል ሠራተኛ በቀር ከማንም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በዚያው ጥዋት መንገዱ ስለተዘጋ ባጃጆች በየመታጠፊያው ተደርድረው ቆመው ነበር። ሾፌሮቹ እያጨበጨቡ አሳለፉን። ለእኛ ደስታ ሲባል የጥዋት ገቢያቸው እንደቀረባቸው ያሰበ ሯጭ ግን ስንቱ ይሆን? በሰው ከተማ መንገድ ላይ የሚሮጥ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ የአስተናጋጁን ድካም ማወቅ አለበት። ሜዳሊያውን አጥልቀው ሳይውሉ ወደ አዲስ አበባ የሚፈተለኩትን ሳይ የማዝነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለመጪው ውድድር የምትመዘገቡ ወዳጆቼ፣ ቢቻላችሁ ከሁለት ቀን በፊት ግቡና ሙቀቱን ተለማመዱት። በሩጫው ዋዜማ ጥሬ ዓሣ አትንኩ። የውኃ ላስቲካችሁን ሐይቁ አጠገብ አትጣሉ። ሩጫው ሲያልቅ ባጃጅ ያዙና አሞራ ገደል ሂዱ፤ ምሳችሁን እዚያው ብሉ፣ ሰኞንም ከቻላችሁ ፈቃድ ውሰዱ።