«ጃስ» ባዩ ሰው፣ ተደብዳቢው ውሻ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ስለ ውሻ ነው። «ውሻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የግብርና ጉዳይ የሆነው?» የምትሉ አትጠፉም። በግ የሚያሳድድ ውሻ የበግ እርባታ ጉዳይ ካልሆነ ታዲያ የማን ጉዳይ ነው?

ከመሃል ሜዳ እስከ ግሼ ራቤል ብትሄዱ የሚባለው አንድ ነው፤ «ይሄ ውሻ በግ ማሳደድ ለምዷል፣ አውሬ ሆኗል፣ ይገደል።» በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ውሻው አውሬ አልሆነም። የተማረውን ነው የሠራው።

እስቲ አስቡት። ቡችላው ገና በሦስት ወሩ ከእረኛው ልጅ ጋር መስክ ይወርዳል። በጎቹ የሰው ገብስ ውስጥ ሲገቡ ልጁ መሮጥ ይሰለቸውና «ጃስ! ያዘው!» ይላል። ቡችላው ይሮጣል፣ በጎቹ ይበተናሉ፣ ልጁ ይስቃል። ትልልቆቹም አይተው «ጎበዝ ውሻ ነው» ይላሉ። ዓመት ሞልቶት ጥርሱ ሲጠነክር ያንኑ ጨዋታ ሲጫወት አንዲት ግልገል ትሞታለች። የትናንቱ ጎበዝ ያን ቀን ወንጀለኛ ይሆናል። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የውሻ አደን ቅደም ተከተል አለው። ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። ፈረንጆቹ ቦርደር ኮሊ የሚሉት የበግ ውሻ ለብዙ ትውልድ እየተመረጠ ስለተራባ ማየቱና ማድባቱ ጎልቶ፣ መንከሱ ግን ደክሞ ነው የሚወለደው። እሱ እንኳ እንዲሁ በግ ላይ አይለቀቅም፤ አስቀድሞ «ቁም» እና «ተኛ» ይማራል። የኛ ውሻ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ቤት ይጠብቃል፣ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ይጮሃል። ስለዚህ ከሱ የምንፈልገው በግ እንዲነዳልን ሳይሆን በበጎች መካከል ረግቶ እንዲውል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለውሻ ሩጫው ራሱ ደመወዙ ነው። ምንም ባይዝ፣ ምንም ባይበላ ደስ ይለዋል። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚባለው ራስን ማታለል ነው። ባሳደደ ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይተወውም።

ኪሳራው ደግሞ በተነከሰችው በግ ብቻ አይለካም። በግ አምስት ወር ያህል ታረግዛለች፤ ልትወልድ ስትቃረብ የተሳደደች እናት ልትጨነግፍ ትችላለች። የደነገጠ መንጋ ገደል ይገባል። ግልገል ከእናቱ ተነጥሎ በውርጭ ያድራል። ገብሱን ውርጭ ሲመታብን የምንሸጠው፣ ከፀጉሩ ባናና በርኖስ የሚሠራው ይሄው በግ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሽምግልናው፣ ካሳው፣ የጎረቤት ቂሙ ይከተላል።

«ዱላ ያስተምረዋል» ለምትሉ፦ ውሻው አሳዶ ሲጨርስ ጠርታችሁት ይመጣል፣ ስትደርሱበት ትመቱታላችሁ። ምን ተማረ? በግ መንካት ክፉ እንደሆነ ሳይሆን ስትጠሩት መምጣት ክፉ እንደሆነ ነው የተማረው። በሚቀጥለው ቀን ስትጠሩት አይመጣም።

«መርዝ ይገላግለናል» የምትሉ ደግሞ የባሰ ነገር ነው የምታደርጉት። መርዝ ውሻ መርጦ አይገድልም። ጥንብ አንሳውንም፣ የጓሳን ቀይ ቀበሮም ይገድላል። በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል። ያልተከተበና ያልታሰረ ውሻ በራሱም አደጋ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በባሌ ተራሮች ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። ስለዚህ አስከትቡት፣ እሰሩት፣ አስተምሩት። መፍትሔው ይሄ ነው።

እንዴት ነው የሚማረው? እንዲህ አድርጉ።

1. በጊዜ ጀምሩ። ቡችላ ከ3 እስከ 12 ሳምንት ባለው ዕድሜው ያየውን ዘመድ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ሰው እየተጠባበቀ በበረቱ አካባቢ ይዋል፣ የማትደነግጥ እናት በግ ትሽተተው። በናሚቢያ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬዎች የሚሰጣቸው ቡችላዎች ከመንጋው ጋር ስለሚያድጉ መንጋውን ጠባቂ ይሆናሉ።

2. በግ ከማሳየታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ስሙን፣ «ና»ን እና «ቁም»ን አስተምሩት። ሲታዘዝ ቁራሽ ዳቦ ስጡት። ዓይነቱን አታብዙ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል ይጠቀም።

3. አሥር ክንድ በሚሆን ገመድ ያዙት። በጎቹ ጠግበው ሲተኙ ሠላሳ አርባ እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። በጎቹን አይቶ ፊቱን ወደናንተ ሲመልስ ወዲያው ዳቦውን ስጡት። ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

4. ምልክቱን እወቁ። ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን ዘርግቶ ከተንቀጠቀጠ፣ ካለቀሰ፣ ዳቦውን እንኳ ካልተቀበለ ተቃርባችኋል ማለት ነው። አትጩኹበት፣ አትምቱት፤ ወደኋላ መለስ በሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ነገም ቀን ነው።

5. በየቀኑ ጥቂት ቀረብ በሉ። በጎች ሲንቀሳቀሱ ፈተናው ይከብዳል፤ ሲሮጡማ ይብሳል። ስለዚህ ከተኙ በጎች ወደሚግጡ፣ ከሚግጡ ወደሚነዱ በግ ተሻገሩ። ገመዱን ስትለቁት እንኳ ለሳምንታት እየጎተተው ይዋል፤ ሲነሳ ትረግጡታላችሁ።

6. ሁለት ውሻ አብራችሁ አታስተምሩ፤ አንዱ ሌላውን ያነሳሳዋል። የሞተ በግ ሥጋና ጭንቅላትም አትጣሉለት፤ ከዚያ የሚመጣ የኮሶ ትል ነው በጎቻችንን በአዙሪት የሚጨርሰው። ሥጋውን ቅበሩት።

7. አንዴ የነከሰ ውሻ ወደ መስክ አይመለስ። ቀን በጥላ ሥር ረዘም ባለ ገመድ ይታሰር፣ ሌሊት ግቢ ይጠብቅ። ሥራ አለው፣ ሞት አይገባውም።

«ይሄን ሁሉ ለውሻ? ጊዜ የለንም» ትሉ ይሆናል። በቀን አሥር ደቂቃ ለሁለት ወር ቢበዛ አሥር ሰዓት ነው። አንድ የውሻ ካሳ ሽምግልና ስንት ቀን ይፈጃል? የሞተችውን በግ ሳንጨምር ማለቴ ነው።

ደግሞስ ሥርዓት ማበጀት ለመንዝ ሰው አዲስ ነው እንዴ? አባቶቻችን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። መቼ ሣር እንደሚታጨድ፣ መቼ ከብት እንደሚገባ ደንብ ነበረው፣ ጥሰህ ከተገኘህ ትቀጣለህ። ያን ያህል ሰፊ መሬት በደንብ የጠበቀ ሕዝብ አንድ ውሻ በደንብ መያዝ አቃተኝ ሊል አይችልም። በየጎጣችሁ ተመካከሩ፤ ያልተከተበ ውሻ መስክ አይውረድ፣ በግ ላይ «ጃስ» ያለ ሰው ካሳውን ከባለውሻው እኩል ይክፈል። እኔ በበኩሌ ትክክለኛው ፍርድ ይሄ ነው እላለሁ።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላል። ታማኝነቱን ሰጥቶናል፤ ደንቡን ማስተማር የኛ ድርሻ ነው። ለዛሬ ከአንድ ነገር ጀምሩ፦ ማታ ከብት ሲገባ እረኛውን ልጅ ጠርታችሁ «ከነገ ጀምሮ በግ ላይ ጃስ እንዳትል» በሉት። የቀረውን ለመጠየቅ የልማት ጣቢያችሁ በር ክፍት ነው።