የድኅረ ምረቃ ተማሪ ክፍያ ችሮታ አይደለም

በአትላንታዎቹ ጆርጂያ ቴክ፣ ኤመሪና ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ሙከራውን የሚያካሂደው፣ ውጤቱን የሚተነትነውና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በላቦራቶሪ የሚያለማምደው በአብዛኛው የዶክትሬት ተማሪው ነው። ሆኖም በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ “ድጎማ” ስለሚባል እንደ ችሮታ ይታያል። ስሙ ያሳስታል፤ ገንዘቡ የሥራ ዋጋ ነው።

ድጋፉ በሦስት መንገድ ይመጣል። ፌሎሺፕ ለተማሪው በስሙ ይሰጣል፤ የማስተማር ረዳትነትን በአብዛኛው የትምህርት ክፍሉ ይከፍላል፤ የምርምር ረዳትነት ደግሞ አማካሪው ፕሮፌሰር ተወዳድሮ ካገኘው የምርምር በጀት ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ፌሎሺፕ በዓመት 37,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ይከፍላል፤ ነገር ግን ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሄደ ተማሪ ዕጣው በአመዛኙ ከአንድ ፕሮፌሰር በጀት ጋር የተሳሰረ ነው።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት አይችልም፤ በግቢም ውስጥ በትምህርት ወቅት ከሳምንት 20 ሰዓት አይበልጥም። የፕሮፌሰሩ በጀት ሲቋረጥ የትምህርት ክፍያው ይጎድላል፤ ምዝገባው ሲሰረዝ ሕጋዊ ቆይታውም አብሮ ይናጋል። ይህ ስጋት እ.ኤ.አ. በ2025 ጎልቶ ታየ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን ቀጥተኛ ያልሆነ የምርምር ወጪ በ15 በመቶ ለመገደብ ሲያስታውቅ፣ ውሳኔው በፍርድ ቤት ቢታገድም፣ የምርምር ክፍሎች አዲስ ተማሪ ለመቀበል አመነቱ።

የትምህርት ክፍሎች “የራሳችን ገንዘብ የለንም” ይላሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ግን ስንት ተማሪ እንደሚቀበሉ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። አሥር ተማሪ በተስፋ ከመጥራት፣ ስድስቱን ለአምስት ዓመት በተጻፈ ዋስትና መቀበል የተሻለ ነው። አማካሪው በጀት ሲያጣም ተማሪውን የማስተማር ሥራ ሰጥቶ የሚያሻግር የጋራ ተቀማጭ ሊኖር ይገባል። የኤመሪ የዶክትሬት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በሠራተኛ ማኅበር ለመደራጀት በከፍተኛ ድምፅ የወሰኑት ይህን መሰል ዋስትና በድርድር ለማግኘት ነው። ጆርጂያ ቴክና ጆርጂያ ስቴት ግን የመንግሥት ተቋማት በመሆናቸው፣ የጆርጂያ ሕግ ለተማሪዎቻቸው ይህን የኅብረት ድርድር በር አልከፈተም። በዚያ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በአስተዳደሩ ሕሊና ላይ ነው።

ለማመልከት የሚዘጋጁ ኢትዮጵያውያንም የተቀባይነት ደብዳቤውን ከዩኒቨርሲቲው ስም በላይ ሊመረምሩት ይገባል። ዋስትናው ለስንት ዓመት ነው? የበጋውን ወራት ይጨምራል? የጤና መድንና ልዩ ልዩ የግቢ ክፍያዎች ተሸፍነዋል? የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርስ የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል? ሣሩን አይቶ ገደሉን እንደሳተው በሬ፣ የተቋሙን ዝና ብቻ አይቶ መሄድ ዋጋ ያስከፍላል። በአትላንታና በአካባቢዋ በብዛት የሚኖረው የኢትዮጵያ ተወላጅም አዲስ ተማሪን ለአንድ ወር ማስጠጋት ቢለምድ፣ ብዙ ወጪ ሳያወጣ አንድ ተመራማሪ ያተርፋል።

ሳይንስ በጉብዝና ብቻ አይሠራም። የነገ ወር ኪራዩን የሚያሰላ አእምሮ ለሙከራው የሚተርፈው ጥቂት ነው።