ስለ ነጋዴ ስጦታና ስለ ነጋዴ ሚዛን

በወለጋ ከተሞች፥ ይልቁንም በነቀምቴ፥ በግምቢና በደምቢ ዶሎ፥ ስለ ነጋዴ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚነገረው ቃል ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መጥቷል። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚነሣበትን ስፍራ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ቃሉ የሚሰማው ስጦታ በሚሰጥበት አዳራሽ ነው፤ ቡና በሚመዘንበት ደጃፍ ላይ ሲነገር የሰማ ሰው አላጋጠመኝም። አንድ ባለሀብት ለትምህርት ቤት ደብተር ወይም ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወንበር ባበረከተ ጊዜ ይጨበጨብለታል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የምስጋና ወረቀትም ይሰጠዋል። ያው ባለሀብት ባለፈው የለቀማ ወራት የገበሬውን ቡና በምን ሚዛን እንደተቀበለ የሚጠይቅ ሰው ግን ከዚያ ሁሉ ተሰብሳቢ መካከል አይነሣም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ልማድ ጋራ ነው።

የነቀምቴ ስም ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ሊረግጡት ወዳልታደሉት አገር ይሄዳል። በዓለም ገበያ የወለጋ ቡና የሚታወቀው «ለቀምቲ» ተብሎ ሲሆን፥ ይህም የከተማይቱ ስም በነጋዴ አፍ ተለዋውጦ የተጠራበት ነው። ገዥዎቹ ፍሬው ትልቅ፥ ጣዕሙም ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው ይሉታል። አብዛኛው ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቅ እንደ መሆኑ፥ ጥራቱ የተመሠረተው በሰው ትዕግሥት ላይ ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ በለቀመው፥ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አስጥቶ በየሰዓቱ ባገላበጠው፥ ሰማዩ ሲጠቁር ሮጦ በሸፈነው ሰው ትዕግሥት። ያ ሁሉ ድካም አልፎ ጀንፈሉ ከሰብሳቢው ደጃፍ ሲደርስ፥ በዓመቱ ሥራ ላይ ፍርድ የሚሰጡት አንድ ሚዛንና አንድ ሰው ናቸው።

አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑን የማያውቅ የቡና ነጋዴ የለም። ነገር ግን ለጆንያው፥ ለእርጥበቱ፥ ለብጣሪው እየተባለ ከላዩ ሲቀነስ፥ ገበሬው ጭኖ ያመጣው 17 ኪሎ በነጋዴው መዝገብ ላይ ፈረሱላ ሳይሞላ ይቀራል። ይህ የሚደረገው ማንበብ በማይችል ሽማግሌ ላይ ወይም ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ በቸኮለች ባልቴት ላይ ሲሆን ደግሞ የሚከራከር አይኖርም። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው በተራቆተ ጊዜ ገንዘብ አበድሮ፥ ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና በርካሽ ዋጋ አስሮ የሚጠብቅም አለ። ገበሬው ሁሉ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም፤ ክብደት እንዲጨምርለት ሳያደርቅ የሚያመጣ፥ ከጆንያው ሥር ጠጠር የሚጨምር ሞልቷል። ግን ይህን ጥበብ ከማን እንደተማረው እንጠይቅ። በሚዛን የተበደለ ሰው በጠጠር ይመልሳል፤ ነጋዴውም የጠጠሩን ዋጋ አስቀድሞ ከቀጣዩ ገበሬ ላይ ይቀንሳል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት በኛ ገበያ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ሥራ ሆኗል።

ይህን ስንናገር «ንግድ ጽድቅ አይደለም፤ የነጋዴ ሥራው ማትረፍ ነው» የሚሉን አሉ። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በውጭውም ዓለም ጠበቃ አለው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን በእ.ኤ.አ. 1970 በኒውዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ፥ የነጋዴ ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ብሎ ተከራክሯል። ሆኖም ቃሉን የሚጠቅሱልን ሰዎች የጽሑፉን ግማሽ ያስቀሩታል፤ ፍሪድማን ትርፉ የሚፈቀደው ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር ሲሆን ነው ብሎ ወሰኑን አብሮ አስቀምጧልና። እንግዲህ ስለ ትርፍ እጅግ አጥብቆ የተከራከረው ሰው እንኳ ለተዛባ ሚዛን ጠበቃ ሊሆን አልወደደም። የወለጋ ሽማግሌ ደግሞ ይህን ለማወቅ ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ «ሳፉ» የሚለው የኦሮሞ ሕዝብ ቃል፥ ሰው ከሌላው ሰውም ሆነ ከፍጥረት ጋራ ሲኖር ሊያልፈው የማይገባውን ወሰን ከጥንት ጀምሮ ሲያመለክተው ኖሯል።

የስም ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ እናስታውስ። መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፥ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፥ ከታላቁ ቡና ሻጭ ከስታርባክስ ጋራ ክርክር ተነሣ፤ ኦክስፋም የተባለው የረድኤት ድርጅትም ለገበሬዎቻችን ወግኖ በዓለም ፊት ጮኸ። ነገሩ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። በዚያ ክርክር ስማቸው የተነሣው ሦስቱ ነበሩ፤ ለቀምቲ አልነበረበትም። ያን ጊዜ እኛ ሁላችን «ስሙ የገበሬው ነው» ብለን በባዕድ ነጋዴ ላይ ተቈጣን፤ ቍጣውም ተገቢ ነበር። ታዲያ የገዛ አገራችን ሰው የሌላ ስፍራ ቡና ቀላቅሎ በለቀምቲ ስም ሲጭን፥ ያ ቍጣ ወዴት ይሄዳል? የአውሮፓ ኅብረት በእ.ኤ.አ. 2023 ባወጣው ሕግ፥ ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ ቡና ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል፤ እያንዳንዱ ጭነት የበቀለበትን ማሳ በካርታ እንዲያስረዳም ይጠይቃል። የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ሕጉ ሕግ ነው። ቀላቃዩ ነጋዴ ያን ቀን የማሳውን ምልክት ከየት ያመጣል? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች፤ ችግሩ ግን የሚያጥረው የእርሱ ገመድ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በትጋት ያደረቀው ገበሬ አብሮ ይታሰራል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ባለሀብትም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ በመንገድ የሚገኘው የባኮ ሜዳ፥ ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ ከ10,000 ሄክታር በላይ ተቈርሶ ሲሰጥ፥ ብዙ ሥራና ብዙ ልማት ተስፋ ተሰጥቶበት ነበር። የአካባቢው ሰው ደግሞ የከብቱን ግጦሽ አጣሁ ብሎ አቤት አለ። የኩባንያው የጋምቤላ ውል በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቍጥር 1180 ባለሀብት ሁሉ ለአካባቢ ጥበቃና ለማኅበራዊ ደኅንነት ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ትእዛዙ ከባኮ በፊት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያሰኛል።

በቅርብ ዓመታት በወለጋ ጸጥታ ደፍርሶ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት፥ ነጋዴ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ታይቷል። ጨውና ዘይት በመጋዘን ሸሽጎ ዋጋው እስኪንር የጠበቀ ነበር። ያለውን በቀድሞው ዋጋ አውጥቶ፥ ለጎረቤቱም በዱቤ ሰጥቶ፥ ሱቁ ባዶ የቀረበትም ነበር። ይህኛው ፎቶግራፍ አልተነሣም፤ የምስጋና ወረቀትም አልደረሰውም።

አሁን ወደ እኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ልመለስ፤ ነገሩ የሚበላሸው በእኛ ደጃፍ ነውና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፥ ነጋዴ በሕግ ለታወቀ በጎ አድራጎት የሰጠውን፥ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ከመቶ 10 እስካልበለጠ ድረስ ተቀናሽ አድርጎለታል። እንግዲህ በአዳራሹ ከምናጨበጭብለት ስጦታ ውስጥ ከፊሉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሊገባ የነበረ ግብር ነው። ይህ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሕግ አስቦ የፈቀደው ነው። ክፉው ስጦታው ለተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲሆን ነው። ነጋዴው በሰጠው ጠረጴዛ ላይ ጽፎ፥ ነጋዴው በሰጠው ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ የዚያኑ ነጋዴ ሚዛን ተዛብቷል ብሎ የሚፈርም ሹም ከየት ይገኛል? ለጉቦ የሚቀጣ ሕግ አለን፤ በአደባባይ ተሰጥቶ በጭብጨባ የታጀበ ከሆነ ግን ስሙ ይለወጥና ማኅበራዊ ኃላፊነት ይባላል። ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወንበር ቢያጣ ከመንግሥት በጀት ይጠይቅ፤ እስኪያገኝም ቆሞ ይሥራ።

የሚጠየቀው ሥራ ደግሞ ከባድ አይደለም። ጥቅምት ሲገባ ከነጆ እስከ ግምቢ በመንገዱ ዳርና ዳር ሚዛኖች ይሰቀላሉ። የየወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ክብደቱ የተረጋገጠ አንድ የ20 ኪሎ ብረት ይዞ ወጥቶ፥ በየደጃፉ ላይ ገበሬው እያየ ቢያስመዝነው፥ ለአንድ ከተማ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም። ሚዛኑ 20 ያላለ ነጋዴ በዚያው ሰዓት ደጃፉ ይታሸግ፤ የዕለቱ ዋጋም በኦሮምኛና በአማርኛ በሰሌዳ ተጽፎ ከሚዛኑ አጠገብ ይሰቀል። ለደብተሩ ስጦታ ኅዳር አለ፤ ብረቱ ግን ከመጀመሪያው ጆንያ በፊት ይድረስ።