ገደሉን ያልወረደ አይመረቅ

በዚህ አገር በባዮሎጂ ለመመረቅ ምን እንደሚያስፈልግ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ሁሉ ያውቀዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ማለፍ። በ2012 ዓ.ም. እንደገና የተጀመረውን የፍሬሽማን ዓመት ከነሎጂኩ፣ ከነሳይኮሎጂው፣ ከነኢኮኖሚክሱ መጨረስ። ዲፓርትመንት ሲደለደል ውጤት የፈቀደውን መቀበል። ከዚያ ሴል ባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ኢኮሎጂ እያሉ ክሬዲት መሙላት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ በመውጫ ፈተናው ከመቶ 50 ማምጣት። በቃ፣ ጋውን ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እናት እልል ትላለች። ልጁ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ የዱር እንስሳ ቆሞ ተመልክቶ፣ አንድ ተክል ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከአንድ ወንዝ ውኃ ቀድቶ በውስጡ የሚንቀሳቀሰውን ቆጥሮ ያውቅ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ ይህን ነውር እለዋለሁ።

«የመስክ ጉብኝት አለ እኮ» የሚለኝ መምህር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በወረቀት አለ። በተግባር ግን አውቶቡስ ከተገኘ፣ ነዳጅ ከተፈቀደ፣ አበል ከተለቀቀ ብቻ የሚደረግ፣ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት ነገር ነው። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጉዞው በተሰረዘ ቁጥር ሪፖርቱ አልተሰረዘም። ያልሄድንበትን ቦታ ካለፈው ባች ሪፖርት እየገለበጥን ጻፍን፣ ግሬድም ተሰጠን። ላብ ውስጥ በአንድ ማይክሮስኮፕ ፊት ተሰልፈን፣ ተራው የደረሰው አንገቱን ደፍቶ ቀና ይላል፤ ያየው አሜባ ይሁን የራሱ ሽፋሽፍት ጥላ የሚያረጋግጥለት አልነበረም። እንቁራሪት የምትቀደድበት ቀን የእንቁራሪት ሥዕል ሰሌዳ ላይ ተሣለ። ያንን ሥዕል ሸምድደን አለፍን። ከኔ በኋላ የመጡትን ስጠይቅ የሚነግሩኝ ያንኑ ነው፤ ሰሌዳው በፕሮጀክተር ተተክቷል።

ይህን የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው፤ ንዴቴም ከዚሁ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ሲወጣ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ እዚህ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ተሳፋሪው ጋቢውን አጣጥፎ መስኮት ይከፍታል። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ጅብራና አስታ ይቀራሉ፤ ደብረ ሲና አካባቢ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ይመጣሉ፤ ከአርማንያ በታች ግራርና ቁርቁራ ይረከባሉ። ገብሱ በጤፍ፣ ጤፉ በማሽላ፣ ማሽላው በማሾና በሽንኩርት ማሳ ይተካል። ከገደሉ አፍ ላይ ከወዲያ የዘነበው ውኃ በጀማ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ከወዲህ የዘነበው በሮቢ ወንዝ ወደ አዋሽ ወርዶ ባሕር ሳያይ በረሃ ውስጥ ይቀራል። ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ሜዳማ አገር ላይ ያለ ተማሪ እንዲህ ያለ የአየር ጠባይ ልዩነት ለማየት ስንት አገር ማቋረጥ ይኖርበታል። የኛ ልጅ ግማሽ ቀን በእግሩ ቁልቁል ቢሄድ ያየዋል።

እስቲ በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚነሡትን ጥያቄዎች አስቡ። ጅብራ ብርዱን ችሎ ሌሊት የሚያድረው እንዴት ነው? ከደብረ ሲና ለሽንኩርት ሥራ ወደ ቆላ የወረደ ወጣት ወባ የሚጥለው፣ አገሩ የቀረው ወንድሙ ግን የማይታመመው ለምንድን ነው? መልሱ ትንኟ ሆድ ውስጥ ነው፤ ብርድ ሲበረታ የወባው ተሕዋስ በትንኟ ውስጥ ዕድገቱን አይጨርስም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በሚገባ ለመረዳት የነፍሳት ትምህርት፣ የጥገኛ ተሕዋስያን ትምህርት፣ የሙቀት ፊዚክስ፣ የመሬት አቀማመጥ፣ የሰው ጉልበት ዝውውር ሁሉ አንድ ላይ ይፈለጋል። በኛ ካሪኩለም እነዚህ በተለያየ ሴሚስተር፣ በተለያየ መምህር፣ በተለያየ ሃንድአውት ይሰጣሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን አይገኝም። ማገናኘቱ ለልጁ ተትቷል፤ ልጁ ደግሞ ለፈተናው እየሸመደደ ነው።

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈውን መንገድ ከያዛችሁ ጓሳ ከሚባለው የሣር ምድር ትደርሳላችሁ። የመንዝ ሰው ያን ሣር በራሱ ሕግ ዘግቶና ከፍቶ ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆታል። እዚያ ጭላዳ አለ፤ በዓለም ላይ ካሉ ዝንጀሮዎች ሁሉ ኑሮውን ሣር በመጋጥ ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮም አለ። ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ቀበሮው በጭላዳው መንጋ መሐል ተረጋግቶ እየተራመደ አይጥ እንደሚያድን አስተዋሉ፤ ግልገሎቹን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። እየቆጠሩ መዘገቡ። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሙከራው የሚሳካለት 25 ከመቶ ነበር፣ በጭላዳዎቹ መሐል ሲሆን ግን 67 ከመቶ ሆነ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ ዓለም አነበበው። ለዚህ ያበቃቸው መሣሪያ ምን ነበር? መነጽር፣ ደብተር፣ ትዕግሥት፣ ብርድ የሚችል ልብስ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚያ የጭላዳ ጥናት ያቋቋሙት ኋላ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፉለርተን ያስተማሩ ባልና ሚስት ፕሮፌሰሮች ናቸው። በእነሱ አልቆጣም፤ አመሰግናቸዋለሁ። የምቆጣው ጭላዳው በሚጮኽበት ገደል ሥር ተወልዶ፣ ባዮሎጂ ተምሮ፣ ስለ ጭላዳ ማኅበራዊ ኑሮ የሚያውቀውን ሁሉ ከባሕር ማዶ ሰው ጽሑፍ ያገኘ ተመራቂ በማፍራታችን ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሮቢ ወንዝ ማዶ አንድ አዛውንት የማሽላ ማሳቸው ውስጥ ቆመዋል። ማሽላው ገና በጉልበት ቁመት ቢጫ ሆኗል፤ በመሐሉ ወይን ጠጅ አበባ ያላት ቀጭን አረም ትታያለች። አጠገባቸው በዚያው ዓመት በባዮሎጂ የተመረቀ የጎረቤት ልጅ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ይቺን አቀንጭራ ባረምናት ቁጥር የምትብሰው ለምንድን ነው?» አሉት። ልጁ ተንበርክኮ አረሟን ሳብ ሲያደርጋት ግንዷ ተበጠሰና ሥሯ ቀረ። «አባባ፣ ተማሪ ቤት ፓራሳይት ናት ብለውናል» አለ። ከዚያ በላይ የሚለው አልነበረውም። እሳቸው ራሳቸው ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው እየፈቀፈቁ የማሽላውን ሥር አወጡ፤ የአረሟ ሥር ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ አሳዩት። ያ ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ውጤቱን አይቻለሁ። አንዲት አቀንጭራ ከነሥሯ አውጥቶ እንዲያይ ያላስገደደው ዲግሪ ነው ያዋረደው።

መልሱ ደግሞ አለ፤ የኛው ሰው የሠራበት ነው። የአቀንጭራ ዘር እንደ አሸዋ ቅንጣት ደቃቅ ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት የሞተ ይመስላል። የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው የሚነቃው። ከመሬት በላይ ብቅ ብላ ስትታረም ጉዳቱ ከሥር አልቋል። ወሎንኮሚ ተወልደው ጅማና አለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ይህን ኬሚካል እምብዛም የማይለቁ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው አራቡ፤ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ የደረሱት በዚሁ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። የሥር ኬሚስትሪ፣ የዘር ውርስ፣ የአፈር፣ የገበሬው ማሳ፣ ሁሉም በአንድ ሥራ ተገናኙ። የተመራቂው ዝምታ ከዚህ ግኝት በኋላ የመጣ መሆኑ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ዓለም ይህን የማገናኘት ሥራ የትምህርት ክፍል አድርጎታል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ እ.ኤ.አ. በ1989 የእንስሳት፣ የዕፀዋትና የቅሪተ አካል ትምህርቶቹን አንድ ላይ አምጥቶ ኢንተግሬቲቭ ባዮሎጂ የሚባል ዲፓርትመንት መሠረተ። ሞለኪዩሉን፣ አካሉን፣ ባሕርዩን፣ አካባቢውንና ዝግመተ ለውጡን ነጣጥሎ አያስተምርም፤ ቤተ ሙከራ ወይም መስክ የሌለበትን ምርቃትም አይቀበልም። ከዚህ ዲፓርትመንት ጋር ደግሞ ኢትዮጵያ የቅርብ ዝምድና አላት። ሸዋ ሮቢት ካለችበት ከይፋት ቁልቁል የሚታየው የአፋር ሜዳ፣ መካከለኛው አዋሽ፣ አርዲ የተባለችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል የተገኘችበት፣ የዚያ ዲፓርትመንት መምህራንና ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር አፈር ሲያበጥሩ የኖሩበት ነው።

ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ዶክትሬታቸውን የያዙት እዚያው፣ በኢንተግሬቲቭ ባዮሎጂ ነው። በወራንሶ ሚሌ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የራስ ቅል ይዞ የወጣውን ቡድን የመሩ፣ ዛሬ በአሪዞና የሰው ዘር አመጣጥ ተቋምን የሚመሩ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወሰዱት የመጀመሪያ ዲግሪ ግን በታሪክ ነበር። አዎ፣ በታሪክ! አሁን ባለው አሠራር አንድ የሸዋ ሮቢት ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ «ሶሻል» ከገባ ባዮሎጂ ለሱ ተዘጋ። በ16 ዓመቱ የመረጠው፣ ብዙ ጊዜም ጓደኛው የመረጠለት፣ ዕድሜ ልኩን ይወስነዋል። ሜዳ ላይ አጥንት መለየት የሚችል ዓይን ያለውን ልጅ በወረቀት ከልክለን፣ ባዮሎጂን ስድስተኛ ምርጫው አድርጎ የሞላውን ልጅ እናስገባለን። ከዚያ «ተማሪው ፍላጎት የለውም» እንላለን። ፍላጎት ያለውን በር ላይ የመለሰው ማን ሆነና!

ስለ ገንዘብና ስለ ጸጥታ የሚነሣውን ክርክር አልንቀውም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ገብቶ አይተነዋል፤ ከዚያ ወዲህም መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ተማሪ በጥይት መሐል ይሂድ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመንም ተማሪው አልወረደም። ደግሞስ መስክ ሁሉ ሩቅ ነው ያለው ማን ነው? የዩኒቨርሲቲው ግቢ አጥር ሥር ያለው ቅንጨ አረም፣ ከካፌው ጀርባ የሚፈሰው ቦይ፣ ዶርም ግድግዳ ላይ ያለው ሸረሪት ሕይወት አላቸው። ከፍ ያለ ወጪ የሚጠይቀው ስብሰባው፣ ባነሩ፣ የምርቃት መጽሔቱ ነው። ለእነዚያ ገንዘብ ሲገኝ አይቻለሁ።

የመንጃ ፈቃድ እንኳ መኪና ሳያስነዱ አይሰጥም። የሕክምና ተማሪ በሽተኛ ሳይነካ ሐኪም አይባልም። ለባዮሎጂ ተማሪ ብቻ ሕያው ነገር ሳይነካ «ባለሙያ» የሚል ወረቀት መስጠት የተፈቀደው ለምንድን ነው? ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ደግሞ ወደ ክፍል ነው። የኛን ልጆች ሊያስተምር ነው። ያላየውን ላላዩት ያስተምራል፤ እነሱም ተራቸውን ጠብቀው እንዲሁ ይመረቃሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ሴኔቶች በባዮሎጂ መመረቂያ መስፈርት ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ማንም ተማሪ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወቅት በመስክ ሳይሠራ፣ በራሱ እጅ የመዘገበውን ደብተር ሳያስረክብና በሱ ላይ ተጠይቆ ሳይመልስ አይመረቅ። ደብተሩ ከመውጫ ፈተናው እኩል ይመዘን። የሶሻል ተማሪ በፍሬሽማን ዓመቱ የሳይንስ ኮርሶችን አሟልቶ ወደ ባዮሎጂ የሚሻገርበት በር ይከፈት። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ ቀድሞ ይህን ቢያደርግ አይከብደውም፤ ጣርማ በር ደጃፉ ላይ ነው፣ ሮቢ ከሥሩ ነው፣ ጓሳ ጎረቤቱ ነው።

ወላጆችም አላችሁ። ዘንድሮ ልጃችሁን ባዮሎጂ ዲፓርትመንት የምታደርሱ፣ የዶርሙን ቁልፍና የካፌውን ካርድ ከመጠየቃችሁ በፊት የዲፓርትመንቱን ኃላፊ አግኝታችሁ «ልጄ መቼ ነው መስክ የሚወጣው? ማን ይዞት ይወጣል?» በሉ። ቀኑን የሚነግራችሁ ካጣችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ አመልክቱ።