እንደ ቀይ ቀበሮ መራመድ

የተፈጥሮ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ወጣት ሲያገኘኝ ቀድሞ የሚጠይቀኝ የካሜራ ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማነሳው የእግርን ነገር ነው። በያዝከው ስልክ ጀምር፤ አረማመድህን ግን ዛሬውኑ ተማር እለዋለሁ።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የገብሱን ማሳ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ሜዳው በድንገት ያልቅና ከገደል አፋፍ ይደረሳል። እዚያ ጭላዳ አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ ሌሊቱን ከገደሉ ግድግዳ ላይ ያድርና ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ይነጫል። ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በቀን ይሰማራል፤ ቁጭ ብሎ ስለሚበላም አንድ ቦታ ይቆያል።

የመጀመሪያ ቀን መንጋውን እንዳየሁ ቀጥ ብዬ ሄድኩበት። አንዱ ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። የሳቀ መስሎኝ ደስ እያለኝ አነሳሁት። የመረበሽ ምልክት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መንጋው ወደ ገደሉ ወረደ፤ ያን ቀን ሌላ ፎቶ አላገኘሁም።

አረማመድ ያስተማረኝ ከመንዝ ጓሳ የወጣ አንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ ጥናት እንደሚለው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ። ቀበሮው በመካከላቸው ሲያልፍ አይሮጥም፤ ግልገሎቹንም አያሳድድም። ቀስ እያለ ይራመዳል፤ እነርሱም አይሸሹትም።

እኔም እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። በቀጥታ አልሄድባቸውም፤ ወደ ጎን እያደላሁ ጥቂት እራመድና እቀመጣለሁ፤ ዓይን ዓይናቸውንም አላይም። አንድ ማለዳ እንዲህ ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ እንዳንጠለጠለች እየበላች እስከ ጥቂት እርምጃ ድረስ ቀረበችኝ። ሣሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጥራ ስትነቅል ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

አፋፉ ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለሆነ ማለዳ ፀሐይ ከአፋር ቆላ በኩል ስትወጣ ከፊታችሁ ናት። የጭላዳው ጥቁር ፊት በስልክ ጨልሞ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ንኩት፤ ይበራል፤ ሰማዩ ግን ይነጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ጨለማውን እተወዋለሁ፤ የወንዱ ጎፈር ጠርዙ በብርሃን ሲከበብ ማየት ይበልጥብኛል። የደረቱን ቀይ ቆዳ ለማንሳት ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ያኔ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይመጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪ ይጨርሳልና ስልኩን ከጋቢው ሥር ያዙት።

መቀመጥ የሚያሳየው ጭላዳን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን አሽ የተባለ የወፍ አጥኚ እዚሁ አንኮበር አካባቢ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ወፍ አገኘ፤ በ1979 በአንኮበር ስም ተጠራች። ትንሽ፣ ቡናማና ዝንጉርጉር ናት፤ በጥድፊያ የሚያልፍ ሰው ልብ አይላትም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ለፎቶ ብላችሁ ዳቦም ሆነ ሙዝ አትወርውሩ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ አስፋልት ዳር መኪና ሲጠብቅ ይውላል፤ ሰው መፍራቱንም ይተውና ማሳ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ከገበሬው ጋር ይጣላል። ይዛችሁ የሄዳችሁትን ቆሎ እናንተ ብሉ፤ እነርሱን ለሣራቸው ተዉአቸው።